ማሽኑ ያላየውን አያውቅም፦ ማሽን ለርኒንግ በኑክሌር ምህንድስና

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ አንድ የራሴ ስህተት ላጫውታችሁ ነው። ስህተቱ የኔ ቢሆንም ትምህርቱ ለዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ። በተለይ “ይሄ ሁሉ የእኩልዮሽ ጣጣ ለምን? ዳታውን ለማሽኑ ሰጥቶ መገላገል ነው” ለምትሉ ጓደኞቼ ይድረስልኝ። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲህ ከሚሉት አንዱ ነበርኩና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የመረጥኩት በኑክሌር ሪአክተር ውስጥ ዜኖን 135 የሚባለው ንጥረ ነገር ምን ያህል እንደሚጠራቀም የሚተነብይ ኒውራል ኔትወርክ መሥራት ነበር። ዜኖን ለምን ትሉኝ ይሆናል። ሪአክተር የሚሠራው በኒውትሮን ነው። አንዱ ኒውትሮን አንዱን የዩራኒየም አቶም ይሰነጥቃል፤ ከዚያ የወጡት ኒውትሮኖች ደግሞ ሌላውን ይሰነጥቃሉ፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ዜኖን 135 ከዚሁ ስንጠቃ የሚገኝ ውጤት ሲሆን፣ ኒውትሮን የመዋጥ አቅሙ ከዩራኒየም 235 በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ማዕድ ላይ ሳይጠራ መጥቶ የሌላውን ድርሻ እንደሚበላ እንግዳ አድርጋችሁ ቁጠሩት። እሱ ሲበዛ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ሪአክተሩም ይጠፋል። ስለዚህ የዜኖንን መጠን መከታተል የሪአክተር ኦፕሬተር የዘወትር ሥራ ነው።

ዳታውን ያዘጋጀሁት በኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ነው። ሪአክተሩን በ20 ከመቶ ኃይል፣ በ30 ከመቶ፣ በ40 ከመቶ እያልኩ እስከ 100 ድረስ አስኬድኩት። በያንዳንዱ ላይ ረግቶ ሲቆም ዜኖኑ ስንት እንደሆነ መዘገብኩ። ከዚያ ለኔትወርኩ ሰጠሁት። በማያውቃቸው መካከለኛ ቁጥሮች፣ በ37 ከመቶ፣ በ64 ከመቶ ስፈትነው የሱ መስመርና የሲሙሌሽኑ መስመር አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ መለየት እስኪያቅት ድረስ ገጠመ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በዚያው ሌሊት ስላይዶቼን ሠርቼ ጨረስኩ።

የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። አማካሪዬ ግራፎቹን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

“በል እስቲ አሁን ሪአክተሩን አጥፋው። ዜኖኑ ምን ይሆናል?”

ኃይሉን ዜሮ አድርጌ ለኔትወርኩ ሰጠሁት። ሳያቅማማ ዜኖኑም ወደ ዜሮ የቀረበ ነው አለ።

“እርግጠኛ ነህ?” አሉኝ።

“አዎ ዶክተር። ኃይል ከሌለ ዜኖን ከየት ይመጣል?”

ከኋላ የተቀመጡ፣ የሪአክተር ፊዚክስ ኮርሱን የወሰዱ ሁለት ልጆች ሳቅ አመለጣቸው። እኔ ኮርሱን “በኋላ እደርስበታለሁ” ብዬ ትቼው ነበር።

እውነቱ ምን መሰላችሁ? ዜኖን 135 ከስንጠቃው በቀጥታ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። አብዛኛው የሚመጣው አዮዲን 135 ሲበሰብስ ነው። የአዮዲኑ ግማሽ ዕድሜ 6.6 ሰዓት፣ የዜኖኑ ደግሞ 9.1 ሰዓት ገደማ ነው። በርሜል አስቡ። ከላይ አዮዲን ከሚባል ሌላ በርሜል ውሃ ይንቆረቆርበታል። ከታች ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ የራሱ መበስበስ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ኒውትሮን ውጦ ወደ ሌላ ነገር መለወጡ ነው። ሪአክተሩ ሲጠፋ ኒውትሮን የለምና ሁለተኛው ቀዳዳ ይደፈናል። የላይኛው በርሜል ግን ገና ሙሉ ነው፤ መንቆርቆሩን አያቆምም። ስለዚህ ሪአክተር ከሙሉ ኃይል ሲጠፋ ዜኖኑ መቀነስ ሳይሆን ለ10 ሰዓታት ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው መውረድ የሚጀምረው፤ አብዛኛው እስኪጠፋም ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል።

የኔ ማሽን እንግዲህ በመጠን እንኳን አልነበረም የተሳሳተው። አቅጣጫውን ነው የሳተው። የሚጨምረውን ይቀንሳል አለ።

በርግጥ ማሽኑ አልዋሸም። ያየው ዳታ በሙሉ “ኃይል ሲወርድ ዜኖንም ይወርዳል” የሚል ነበር። ረግቶ ለቆመ ሪአክተር እውነት ነው። ለሚለዋወጥ ሪአክተር ግን ትናንት የነበረው ታሪክ ዛሬን ይወስናል፤ እኔ ደግሞ ታሪክ አልሰጠሁትም። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ መሳሳቱ አይደለም። የተሳሳተው በ64 ከመቶ ላይ በትክክል ሲመልስ በነበረበት በዚያው የመተማመን ድምፅ መሆኑ ነው።

በኋላ እልህ ይዞኝ አንድ የታወቀ ዘዴ ሞከርኩ። መነሻቸው የተለያየ አስር ኔትወርኮች አሠለጠንኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አስሩ ካልተስማሙ አካባቢው አያውቁትም ማለት ነው፤ ተጠንቀቅ። ለብዙ ሥራ ጥሩ ዘዴ ነው። የኔዎቹ ግን አስሩም ተስማሙ፤ አስሩም ተሳሳቱ። ለካ ካንድ ደብተር የገለበጡ አስር ተማሪዎች አንድ ዓይነት መልስ ቢሰጡ ምስክርነታቸው እንደ አንድ ሰው ነው።

ይህ የኔ የብቻዬ ውርደት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። ነገር ግን ዜኖን ከኔ እጅግ የሚበልጡ ሰዎችንም አታሏል። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ ዲሴምበር 2 ቀን 1942 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሪአክተር ለኮሱ። የዚያ ሪአክተር ኃይል ቢበዛ 200 ዋት ነበር፤ ሁለት ባለ መቶ አምፖል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 1944፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ በተባለ ቦታ ለ250 ሜጋ ዋት የታቀደው ቢ ሪአክተር ሥራ ጀመረ። ዓላማው ለአቶም ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ማምረት ነበር። ከቺካጎው ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ መዝለል ነው። በመሀል ኦክ ሪጅ ላይ አንድ ሌላ ሪአክተር ተሠርቶ ነበር፤ እሱም ቢሆን የዜኖን ችግር ጎልቶ እስኪታይ ድረስ ኃይለኛ አልነበረም። በዘመናችን ቋንቋ እንናገር ካልን፣ የማሠልጠኛው ዳታ ውስጥ ዜኖን አልታየም።

ቢ ሪአክተር ተለኮሰ፤ ኃይሉ ወጣ። ከሰዓታት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው መውረድ ጀመረ፤ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። በማግስቱ ደግሞ እንደገና ሕይወት ዘራ። ጆን ዊለርና ባልደረቦቹ የወደቀበትንና የተነሳበትን ሰዓት አስልተው ጥፋተኛው ዜኖን 135 መሆኑን ደረሱበት።

ታዲያ ሪአክተሩን ምን አዳነው? የፊዚክስ ሊቃውንቱ ስሌት 1,500 የነዳጅ ቱቦ ይበቃል ይል ነበር። የዱፖንት ኩባንያ መሐንዲሶች ግን “ያላሰብነው ነገር ቢመጣስ?” ብለው ተጨማሪ 504 ቱቦ አበጁለት፤ ሁሉም 2,004 ሆኑ። ትርፎቹ ቱቦዎች ነዳጅ ተሞልተው የዜኖኑን አፍ ደፈኑ። ያ ጥንቃቄ በወቅቱ ትርፍ ወጪ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ሥራውን በሙሉ ያተረፈው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ታሪክ አሳዛኝ ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 1986 የቼርኖቤል 4ኛው ሪአክተር ለአንድ ሙከራ ሲባል ኃይሉ ወደ ግማሽ ወረደ። የኪየቭ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ መብራቱ ያስፈልገኛል ስላለ ለ9 ሰዓት ያህል በዚያው ቆየ። ሌሊት ላይ የበለጠ ሊያወርዱት ሲሉ እስከ 30 ሜጋ ዋት ወደቀባቸው፤ ሙሉ የሙቀት ኃይሉ 3,200 ሜጋ ዋት እንደነበር ልብ በሉ። ዜኖኑ ኒውትሮኑን እየዋጠ አላነሳ ሲላቸው ኦፕሬተሮቹ አብዛኛዎቹን የመቆጣጠሪያ ዘንጎች አውጥተው በግድ ወደ 200 ሜጋ ዋት አደረሱት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ላይ ፈነዳ። ምክንያቱ ዜኖን ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ሪአክተሩ ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ኃይሉ የሚጨምር፣ የዘንጎቹም ጫፍ ግራፋይት የሆነ፣ በንድፉ ችግር ያለበት ነበር። ሆኖም ወደዚያ አደገኛ ጠርዝ ከገፉት ነገሮች አንዱ ይኸው ሳይጠራ የሚመጣው እንግዳ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው አንድ ነገር ነው። በኑክሌር ምህንድስና ትልቁ ጥያቄ የሚነሳው ዳታ በሌለበት ቦታ ነው። በሌላ ሙያ ዳታ ሲበዛ ደስ ይላል፤ በኛ ሙያ የአደጋ ዳታ ሲያንስ ነው ደስ የሚለው። ከሚያስጨንቀን ነገር ብዙ ምሳሌ የለንም፤ እንዲኖረንም አንፈልግም። ከዳታ ብቻ የሚማር ማሽን ደግሞ እዚያው ላይ ነው ባዶ እጁን የሚቀረው።

ታዲያ ማሽን ለርኒንግን እንተወው? የለም፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም። በ2019 ራይሲ፣ ፐርዲካሪስና ካርኒያዳኪስ ያሳተሙት ጽሑፍ ብዙ ሰው እንዲከተለው ያደረገ አንድ መንገድ አለ። ተራ ኔትወርክ ሲሠለጥን የሚቀጣው ከዳታው ሲርቅ ብቻ ነው። ይሄኛው ግን የተፈጥሮን ሕግ የሚገልጸውን እኩልዮሽ ሲጥስም ይቀጣል። የመጨረሻውን መልስ ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም እያየ ማርክ የሚሰጥ መምህር እንደማለት ነው። ሳይንሳዊ ማሽን ለርኒንግ ከሚባለው ዘርፍ ዋነኛው ይኸው ነው።

እኔም የአዮዲንና የዜኖንን ሁለት እኩልዮሾች በቅጣቱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ከኃይሉ ጋርም ጊዜን ሰጠሁት። ቀላል አልነበረም። የአቶሞቹ ቁጥር እጅግ ግዙፍ፣ ጊዜው ደግሞ በሰዓት የሚቆጠር ስለሆነ ቁጥሮቹን በልካቸው እስካስተካክል ድረስ ምንም አልማር ብሎኝ ነበር። በመጨረሻ ግን “አጥፋው” ስለው መስመሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ተጠምዝዞ ወረደ። የጠፋ ሪአክተር ዳታ አንድም አልሰጠሁትም ነበር። ሕጉን ስለሚያውቅ ያላየውን አወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ አንባቢ “እኩልዮሹን ካወቅከው ለምን በቀጥታ አትፈታውም?” ብሎ ይጠይቀኛል። ልክ ነው። ሁለቱን እኩልዮሾች በሁለተኛ ዓመት በተማርነው በሩንጌ ኩታ ዘዴ ብፈታቸው ዓይን ሳይጨፈን ያልቃሉ። የኔ ኔትወርክ ለመሠልጠን ብቻ ሰዓታት ወስዷል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ማሽን ለርኒንግ ዝንብን በመዶሻ ነው። ዋጋው የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። የአንድን ሪአክተር ሙሉ እምብርት እያንዳንዱን ኒውትሮን እየተከተሉ ማስላት በትልልቅ ኮምፒዩተር ሰዓታትና ቀናት ይፈጃል። ያንን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መደጋገም ሲያስፈልግ በደንብ የተፈተነ ፈጣን ምትክ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሌላም አለ። እናቶቻችን ምጣዱ እጅግ ሲግል ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት ጠብታው ቶሎ አይተንም፤ እየተንከባለለ ይጨፍራል። ከሥሩ የእንፋሎት ሽፋን ተፈጥሮ ከምጣዱ ስለለየው ነው። የነዳጅ ዘንግ ላይ እንዲህ ያለ ሽፋን ከተፈጠረ ውሃው ዘንጉን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ ብረቱም ሊጎዳ ይችላል። ይህ የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን አስቀድሞ የሚነግር የተሟላ ቲዎሪ እስከዛሬ የለም፤ በአሥርተ ዓመታት ሙከራ የተሰበሰበ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ልኬት ግን አለ። ሕጉ ጎደሎ፣ ዳታው ብዙ በሆነበት እንዲህ ባለው ቦታ ማሽን ለርኒንግ እውነትም ቦታው ነው። በበኩሌ ክርክሩ “ማሽን ወይስ ቀመር” መሆን የለበትም ባይ ነኝ። “የትኛው ቦታ ላይ የትኛውን” ነው መባል ያለበት።

ሆኖም ሕጉን መጨመርም ቢሆን መጨረሻ አይደለም። እስቲ ወደ ሃንፎርድ እንመለስ። በ1944 ዛሬ ያለን ኮምፒዩተርና ይህ አዲሱ ዘዴ ቢኖራቸው ኖሮ ይድኑ ነበር? የዜኖን አቅም ስላልታወቀ እኩልዮሾቻቸው ውስጥ አልነበረም። ማሽኑም የተሰጠውን ሕግ በታማኝነት ጠብቆ በታማኝነት ይሳሳት ነበር። ያዳናቸው ዳታም ሕግም አይደለም፤ “ያላወቅነው ሊኖር ይችላል” ብሎ የተቀመጠ ትርፍ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ያስፈልጋሉ፦ ዳታው፣ ሕጉና መጠባበቂያው። ማሽኑ እየረቀቀ ሲሄድ “ከእንግዲህ ይህን ያህል መጠባበቂያ ምን ያደርጋል?” የሚል ፈተና መምጣቱ አይቀርም። እኔ ከሁሉ የምፈራው ያንን ነው።

“ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? ሪአክተር የለን” የሚል ይኖራል። ዛሬ የለንም። ነገር ግን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፕሮጀክት ለማካሄድ የሚያስችል የድርጊት መርሃ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ነገሩ ፈጠነም ዘገየም፣ ማመንጫ ሲመጣ ከብረቱና ከሲሚንቶው ጋር ሶፍትዌርም ይመጣል። ያ ሶፍትዌር የሠለጠነው በሌላ አገር፣ በሌላ ማመንጫ ዳታ ነው። የኤሌክትሪክ መረባችን ጠባይ ሌላ ነው፤ ኃይል የሚወጣበትና የሚወርድበት ሁኔታም እንዲሁ። ከሶፍትዌሩ ጋር መመሪያ መጽሐፍ አብሮ ይመጣል፤ ጥያቄ ግን አብሮ አይመጣም። “ይህ ማሽን የሠለጠነው በምን ላይ ነው? ከዚያ ሲወጣስ ምን ያደርጋል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከኛው መውጣት አለበት። ያ ሰው ደግሞ ምናልባት አሁን ይህን ቡለቲን እያነበበ ያለ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማሽን ለርኒንግ የሚጠቀም የመመረቂያ ፕሮጀክት ሁሉ አንድ ገጽ ይጨመርበት፤ ሞዴሉ ከየት እስከ የት ባለ ዳታ እንደሠለጠነና ከዚያ ውጪ ምን እንደሚል ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ፈታኞች ልክ አማካሪዬ እንዳደረጉት ቢያንስ አንድ ጥያቄ ከዳታው ድንበር ውጪ ይጠይቁ። ተማሪውም “ማሽኔ ይህን አያውቅም” ብሎ ሲመልስ ማርክ ይሰጠው እንጂ አይቀነስበት። ሦስተኛ፣ ማሽን ለርኒንግ ላይ የሚሠራ ተማሪ የሪአክተር ፊዚክስንና የቁጥር ስሌት ዘዴዎችን ሳይወስድ ፕሮጀክት አይጀምር። ይህን የምለው በትርፍ ሰዓቴ የሰው ሸክም ለመጨመር አይደለም። እነዚያ ከኋላ ሆነው የሳቁት ሁለት ልጆች ከኔ የተሻለ ኮምፒዩተር አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ኮርስ ብቻ ነው። እኔ በሦስት ወር ያልደረስኩበትን እነሱ በሦስት ሰከንድ አዩት።

አማካሪዬን በኋላ ቢሮአቸው ሄጄ “ዶክተር፣ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ፈገግ አሉና “ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግራፉ ያን ያህል አምሮልኝ ሳለ አልሰማቸውም ነበር። የኮርሱን ደብተር ከነዚያው ልጆች ተውሼ አሁን እያነበብኩ ነው። ቸር ያሰንብተን።